በትንሽ ወጪ የቤት ወርክሾፕ፦ ያገለገለ መሣሪያና ቁርጥራጭ ዕቃ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይታደሳል

«ቤቴ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እንጨትና ብረት መሥራት እፈልጋለሁ፤ የአዲስ መሣሪያ ዋጋ ግን አልተቻለም። አሮጌ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ መልሱን በአንድ ቦታ አስፍረነዋል። አሮጌ ግዙ፤ የማይታደስ ግን አትግዙ። ዝገት፣ የደነዘ ስለት፣ የተሰበረ እጀታ፣ ያለቀ ካርቦን (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኮረንት የሚያስተላልፈው ቁራጭ)፣ የተላጠ ገመድ ሁሉም በቤት ይስተካከላሉ፤ ሻጩ ዋጋ የሚቀንስላችሁም በእነሱ ምክንያት ነው። የተሰነጠቀ አካል፣ የተቃጠለ የሞተር ጥቅልል፣ ጥርሱ ያለቀ የሞርሳ (ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ) ብሎን ግን አይታደሱም። እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ይቀርባል። ስለዚህ የዛገና ያልተነካካ ዕቃ፣ ከታጠበና ከተቀባ ዕቃ የበለጠ እምነት ይጣልበታል፤ ጉዳቱ በግልጽ ይታያልና።

ለፍተሻ ይዛችሁ የምትወጡት

- ትንሽ ቴስተር (ኦም የሚለካ)
- ጠፍጣፋና ባለ መስቀል ካቻቢቴ
- 15 ወይም 30 ሳንቲሜትር የብረት ማስመሪያ
- ማግኔት
- ላምባ የነካ ጨርቅ በፌስታል፣ አንድ ደረቅ ጨርቅ፣ አንድ ነጭ ጠመኔ
- ሁለት ቁራጭ ወረቀት
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ጓንት

ለማደስ ቤት የሚቀመጡት

- አቼቶ 2 ሊትር፣ ቤኪንግ ሶዳ 100 ግራም
- የሽቦ ብሩሽና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ 240፣ 400፣ 800 እና 1200፣ ከእያንዳንዱ 2 ቅጠል
- 20 በ 30 ሳንቲሜትር የሆነ፣ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት (መስታወት ቤት ከተቆራረጠው በርካሽ ይገኛል)
- የማሽን ዘይት፣ ግሪስ፣ ናስትሮ
- የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የአቧራ ማስክ፣ ጓንት

1. የምትሠሩትን ወስኑ፣ ከዚያ ዝርዝር ጻፉ

ገበያ ወጥቶ ያገኙትን መግዛት ገንዘብ የሚያባክን የመጀመሪያው መንገድ ነው። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የመስኮት ጥገና ለሚሠራ ሰው የሚከተለው ይበቃል፦ መንጋጋው 100 ሚሊሜትር የሚሰፋ ሞርሳ፣ 500 ግራም መዶሻ፣ ሴጌቶ፣ የእንጨት መጋዝ፣ ባለ 12 እና ባለ 25 ሚሊሜትር መሮ፣ አንድ መላጊያ፣ ጠፍጣፋና ግማሽ ክብ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ስኳድራ፣ እስከ 13 ሚሊሜትር ፑንታ የሚይዝ ድሪል እና ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር።

ፈጽሞ አሮጌ የማይገዙም አሉ። የግራይንደር ዲስክ፣ መነጽር፣ ሜትር፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ከ 5 ሚሊሜትር ያነሱ ፑንታዎች አዲስ ይገዙ። ዲስክ በሙጫ የተያያዘ ስለሆነ ዕድሜ አለው፤ መሐሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት የመጠቀሚያ ጊዜው ተመትቶበታል። እርጥበት የነካው ወይም የወደቀ ዲስክ ሳይታይ ይሰነጠቅና በፍጥነት ሲሽከረከር ይፈነዳል።

2. የት እንደምትፈልጉ እወቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ምናለሽ ተራ ለእጅ መሣሪያ፣ ለብረት ቁርጥራጭና ከአሮጌ ብረት ለተሠራ ዕቃ ቀዳሚው ቦታ ነው። ሱማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ይበዛበታል፤ ቁልፍ፣ ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ባሌስትራ (የመኪና ንጣፍ ስፕሪንግ) የሚፈልግ ወደዚያ ይሂድ። ሰፈር ለሰፈር የሚዞሩት ቁራሌዎችም ከየቤቱ የሚያወጡትን ከማስረከባቸው በፊት ማየት ይቻላል፤ የምትፈልጉትን ነግራችሁ ስልክ ብትሰጧቸው ያመጡላችኋል። ሥራ የሚያቆሙ የእንጨትና የብረታ ብረት ቤቶች፣ እየተጠናቀቁ ያሉ ግንባታዎችም መልካም ምንጭ ናቸው።

በጠዋት ሂዱ። ስንጥቅ የሚታየው በደህና ብርሃን ነው፤ ሲመሽ በአንድ አምፖል ሥር የተገዛ ሞርሳ ነገ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ቋሚ ቦታ ካለው ሻጭ ግዙ፣ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። የተሰረቀ ዕቃ መግዛት በሕግ ያስጠይቃል፤ መለያ ቁጥሩ ተፍቆ የጠፋ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ካጋጠማችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትታችሁት ሂዱ።

3. የእጅ መሣሪያ ፍተሻ

ሞርሳ። ከሁሉ በፊት የሚገዛው እሱ ነው፤ ሌላውን መሣሪያ የምታድሱት በእሱ ላይ ይዛችሁ ነውና። እስከ መጨረሻው ፈትታችሁ ተንቀሳቃሹን ክፍል አውጡና ብሎኑን ጥረጉት። ጤነኛ ጥርስ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ እንደ ቢላ የሾለ ከሆነ ተበልቶ አልቋል። ጥርሱ ቶሎ የሚያልቀው ሞርሳው ብዙ በሚሠራበት፣ ማለትም ሊዘጋ ሲቃረብ በሚይዘው ክፍል ስለሆነ አይናችሁን እዚያ ላይ አሳርፉ። ቀጥሎ ከመንጋጋው ሁለት ጫፍ ሁለት ወረቀት አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ዝጉት። ሁለቱም እኩል መያዝ አለባቸው፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው በቀላሉ ከወጣ መንጋጋው ተጣሟል።

ስንጥቅ በላምባና በጠመኔ ይገኛል። ከመንጋጋው ሥር አንገቱንና የመቀርቀሪያ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ላምባ በነካ ጨርቅ አሹት፣ አንድ ደቂቃ ቆዩ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ከዚያ ጠመኔ ቀቡት። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ጠመኔ ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። የናስ ቀለም ያለው የተበየደ መስመር ካያችሁ ከዚህ በፊት ተሰብሮ የተጠገነ ነውና አትውሰዱት። ሞርሳ የሚሠራበት ብረት አብዛኛውን ጊዜ ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ስለሆነ ብየዳ ከያዘ በኋላም መዶሻ ሲያርፍበት ከአጠገቡ ይሰነጠቃል።

መሮና የመላጊያ ምላጭ። ወሳኙ ጠፍጣፋው ጀርባ ነው። ከስለቱ ወደ ኋላ 3 ሳንቲሜትር ድረስ ዝገት ጉድጓድ ካበጀ ስለቱ መቼም ቀጥ አይልም፤ ዝገቱ ከዚያ አልፎ ወደ እጀታው በኩል ከሆነ ግን ምንም አይጎዳም። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ አንድ ሰው በግራይንደር ሲስለው አቃጥሎታል፣ ጥንካሬውንም አጥቷል። ሰማያዊው ከ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ካልበለጠ ቆርጦ መጣል ይቻላል። ሻጩ ከፈቀደ ጫፉን በደህና ሞረድ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፦ ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ከያዘና ከበላው ለስላሳ ነው።

መጋዝ። ቅጠሉን በቀስታ ቅስት አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ቀጥ ማለት አለበት። እጥፋት ያለበት መጋዝ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም፣ ጎረቤታሞች ሁለት ጥርሶች የጎደሉበትም ተዉት።

ሞረድ። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት። የጥርሶቹ አናት እንደ ነጭ ክር የሚያበራ ከሆነ ደንዟል። የማያበራ ግን በቆሻሻ የተሞላ ሞረድ በሽቦ ብሩሽ ይነሳል።

መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍ። የመዶሻ እጀታ መላላት ችግር አይደለም፤ የፊቱ መፈረፍ ግን ችግር ነው፣ ከተፈረፈው የሚወጣ ፍንጣሪ ዓይን ይመታልና። ቁልፍ ሲሆን አፉ የሰፋውን አትውሰዱ፤ ዳዶውን አክብቦ ያበላሸዋል። የብረት መቁረጫ መሮ አናቱ እንደ እንጉዳይ ከተዘረጋ የተዘረጋውን በግራይንደር አንስታችሁ ተጠቀሙበት።

4. የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፍተሻ፣ ገመዱ ሳይሰካ

በመጀመሪያ አየር ማስገቢያውን አሽትቱ። የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ለወራት አይጠፋም፣ ቀለም ቢቀባም። ከዚያ ዘንጉን በእጅ አዙሩ። እንደ አሸዋ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ እሱ ርካሽ ነው። በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ እየተደናቀፈ «ቋ» የሚል ከሆነ ግን የማርሹ ጥርስ ተሰብሯል፣ ማርሽ ደግሞ ለየሞዴሉ የተለየ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። ዘንጉን ወደላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ነቅንቁት፤ የሚታይ መላላት መኖር የለበትም።

የካርቦን ክዳኖቹን በካቻቢቴ ክፈቱ። ካርቦኑ ከ 5 ሚሊሜትር ያነሰ ከሆነ መቀየሪያውን ዋጋው ላይ ቁጠሩበት። አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ከሆነ አንዱ ብቻ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ካርቦን ሁልጊዜ ጥንድ ጥንዱን ይቀየራል፣ ካልሆነ አጭሩ በደንብ ሳይነካ ብልጭታ እያወጣ ኮሚውቴተሩን (ካርቦኑ የሚነካውን የመዳብ ቀለበት) ይበላል።

አሁን ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች የመሰኪያው ሁለት እግሮች ላይ አኑሩ፣ የመሣሪያውን ማብሪያ ተጫኑ። ጤነኛ ግራይንደር ወይም ድሪል ከጥቂት ኦም እስከ ጥቂት አሥሮች ያሳያል። ዘንጉን በእጅ ቀስ እያላችሁ ስታዞሩ ቁጥሩ ትንሽ ይወዛወዛል፤ አንድ ቦታ ላይ ድንገት መስመር የተቆረጠ ያህል ቢጠፋ የሮተሩ (የሚሽከረከረው የሞተር ክፍል) ጥቅልል ተበጥሷል። ከመጀመሪያው ምንም ካላሳየ ተስፋ አትቁረጡ፤ ገመድ፣ ማብሪያ ወይም ካርቦን ሊሆን ይችላል፣ ሦስቱም ርካሽ ናቸው፤ ነገር ግን ዋጋው «የማይሠራ ዕቃ» ዋጋ ይሁን። ፍጥነት መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ ያለው መሣሪያ ላይ ይህ ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል ለእሱ በደረጃ 5 ፍተሻ ተመኩ።

የመጨረሻው ልኬት ለሕይወታችሁ ነው። ቴስተሩን ከፍተኛው ኦም ላይ አድርጉት፣ አንዱን ጫፍ መሰኪያው እግር ላይ፣ ሌላውን የመሣሪያው ብረት አካል ወይም ዘንግ ላይ አኑሩ። ማብሪያው ተጭኖ ሁለቱንም እግሮች በየተራ ፈትሹ። ቴስተሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ጥቂት እንኳ ካሳየ ኮረንት ወደ አካሉ ያፈሳል፤ አትሰኩት፣ አትግዙት። (የሦስት እግር መሰኪያ ከሆነ የመሬት ሽቦው እግር ከብረት አካሉ ጋር መገናኘቱ ትክክል ነው፣ እሱን አትቁጠሩ።)

5. ገመዱ ተሰክቶ የሚደረግ ፍተሻ

ዲስክና ፑንታ ከመሣሪያው ላይ አውልቁ። መነጽር አድርጉ፣ በሁለት እጅ ያዙ፣ ፊታችሁን ከዘንጉ መስመር አርቁ። 2 ወይም 3 ደቂቃ ይሽከረከር። በአየር ማስገቢያው ውስጥ ካርቦኑ የሚነካበት ቦታ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነገር ነው። ብልጭታው ቢጫ ሆኖ ሙሉ ቀለበት ከሠራ ግን ሮተሩ ውስጥ ሾርት አለ፤ ጥቅልሉን ዳግም የማስጠቅለያው ዋጋ ከአሮጌው መሣሪያ ዋጋ አይተናነስም። ማብሪያውን አምስት ጊዜ አብሩና አጥፉ፤ አልለቅም የሚል ማብሪያ ያለው ግራይንደር አደገኛ ነው። ስታጠፉት ተንሸራቶ ቀስ እያለ መቆም አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ የሆነ ነገር ይዞታል።

ድሪል ከሆነ በ 10 ሚሊሜትር ፑንታ እንጨት ብሱበት። ያለ ሥራ የሚዞር ሁሉ ሲጫን አይዞርም።

ሻጩ «ዛሬ መብራት የለም፣ ይሠራል እመነኝ» ካለ መብራት ሲመጣ ተመልሳችሁ ኑ።

6. የቮልት ሰሌዳውን አንብቡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ መሣሪያ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ገበያ ላይም ይገኛል፣ ርካሽ ስለሆነ ያማልላል። በቀጥታ ከተሰካ ከፍጥነቱ አልፎ ይዞርና በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል፤ ዲስክ ከተገጠመለት ዲስኩም ሊፈነዳ ይችላል። በትራንስፎርመር ለመጠቀም የትራንስፎርመሩ ዋት ከመሣሪያው ቢያንስ በግማሽ መብለጥ አለበት፦ ለ 900 ዋት ግራይንደር 1500 ዋት አካባቢ። የትራንስፎርመሩ ዋጋና ክብደት ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። በተጨማሪም የአሜሪካ ግራይንደር የዘንግ ጥርስ በኢንች ስለሚለካ፣ እኛ ዘንድ የሚሸጠው ባለ ኤም 14 (በሚሊሜትር የሚለካ) ዳዶ አይገጥመውም።

ካርቦን ያላቸው መሣሪያዎች የኸርዝ ልዩነት አይጎዳቸውም። ካርቦን የሌላቸው፣ ለምሳሌ የጠረጴዛ መሳያ ድንጋይና ኮምፕረሰር፣ ለ 60 ኸርዝ ከተሠሩ 50 ኸርዝ ላይ ከፍጥነታቸው ከ 6 እጅ አንዱን ያጣሉ፣ ይሞቃሉም። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከኤምሬትስ የመጣ ዕቃ 230 ወይም 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ስለሆነ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ስለምትጠቀም ከዚያ የመጣውን ሰሌዳ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ባለ ባትሪ ድሪል ከአሜሪካ ቢመጣም መሣሪያው አይጎዳም፤ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው። ቻርጀሩ ላይ «100–240» ካለ ይሰካል፣ «120» ብቻ ካለ አይሰካም። ያገለገለ ባለ ባትሪ መሣሪያ ግን በጥቅሉ አይመከርም፤ ባትሪው ካረጀ አዲሱ ባትሪ ከመሣሪያው አይረክስም።

7. ዋጋውን በሒሳብ ተነጋገሩ

የጎደለውን ሁሉ ጻፉና ዋጋውን ደምሩ፦ ገመድ፣ መሰኪያ፣ ካርቦን፣ ኩሽኔታ፣ መከላከያ ሽፋን፣ ዳዶና ፍላንጅ (ዲስኩን የሚያቅፈው ቀለበት)። ይህንን ከተጠየቀው ዋጋ ጋር ደምራችሁ ከተመሳሳይ አዲስ መሣሪያ ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ ተዉት፤ አዲሱ ዋስትና አለው፣ ይህኛው የለውም። ለእጅ መሣሪያ እስከ ሁለት ሦስተኛ ድረስ መሄድ ይቻላል፣ ጥሩ ብረት ያለው አሮጌ መሮ ከብዙ አዲስ ርካሽ መሮ ይበልጣልና። ሻጩ ፊት ጉድለቱን አንድ በአንድ እያሳያችሁ ተነጋገሩ፤ «ካርቦኑ አልቋል፣ ገመዱም ይኸው ተላጧል» የሚል ገዥ በባዶ «ቀንስልኝ» ከሚል ገዥ የተሻለ ይሰማል።

8. ዝገቱን አውርዱ

ሀ. ዕቃውን ፍቱትና በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት። ቅባት ካለ አቼቶው ወደ ዝገቱ አይደርስም።

ለ. ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቼቶ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍነው ሙሉበት። ግማሹ ከውጭ ከቀረ በፈሳሹ ደረጃ ላይ የማይጠፋ መስመር ይበላል።

ሐ. ከ 12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ፣ በመሐል አውጥታችሁ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ዝገቱ በቀላሉ ከወረደ በቃው፤ ከዚያ በኋላ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል።

መ. አጥባችሁ በ 1 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ 10 ደቂቃ ንከሩት። ይህ ካልተደረገ የቀረው አሲድ በአንድ ሌሊት አዲስ ዝገት ያመጣል።

ሠ. ወዲያው አድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አሙቁት፣ ሙቅ እያለ ዘይት ቀቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ አቼቶን ከበረኪና ጋር አታገናኙ፤ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አልሙኒየም፣ ዚንክ የተቀባ ብረትና ቀጭን ስፕሪንግ አትንከሩ፤ የመጀመሪያዎቹን አሲዱ ይበላቸዋል፣ ስፕሪንጉ ደግሞ ተሰባሪ ይሆናል።

9. ስለቱን አውጡ

ለመሮና ለመላጊያ ምላጭ ሥራው አንድ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ውሃ ረጭታችሁ ለጥፉት። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ከስለቱ ወደ ኋላ 3 ሳንቲሜትሩን ብቻ፣ በ 120 ጀምራችሁ እስከ 1200 ተራ በተራ አሹት። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የምታልፉት የቀደመው ጭረት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው። ብዙ ሰው ይህን ትቶ ዘንበል ያለውን ፊት ብቻ ይስላል፤ ስለት ግን የሁለት ፊቶች መገናኛ ነው፣ አንዱ ሻካራ ከሆነ ስለቱም ሻካራ ነው።

ቀጥሎ ዘንበሉን ፊት። ለእንጨት 25 ዲግሪ መሠረቱ፣ 30 ዲግሪ ጫፉ ጥሩ ነው። ዲግሪ መለኪያ አያስፈልግም፦ የዘንበሉ ፊት ርዝመት የብረቱን ውፍረት 2.4 እጥፍ ከሆነ 25 ዲግሪ ነው፣ ልክ 2 እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ መሮ 9.5 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ዘንበል ያስፈልገዋል። 25 ዲግሪው ከወጣ በኋላ በ 800 እና በ 1200 ላይ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ስትጎትቱት ጠባብ የሚያበራ መስመር ጫፉ ላይ ይታያል፤ ያ 30ው ነው። በጀርባው በኩል በጣት ሲዳሰስ ቀጭን ሻካራ ጠርዝ ሲሰማ ስለቱ ደርሷል፤ ጀርባውን በ 1200 ላይ አንዴ ጎትታችሁ ጠርዙን አንሱት።

ጫፉ በጣም ከተጎዳ በግራይንደር ማስተካከል ይቻላል፤ ግን በባዶ እጅ ይዛችሁ፣ በየ 2 ሰከንዱ ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ። ጣታችሁን ካቃጠለው ለብረቱም በዝቷል። ቢጫ ሲል ማቆሚያ ነው፣ ሰማያዊ ካለ አልፏል።

10. ግራይንደሩንና ድሪሉን አድሱ

ገመዱን ነቅላችሁ ጀምሩ። ገመዱ የተላጠ ከሆነ ናስትሮ አትጠቅልሉበት፤ ቆርጣችሁ ሙሉውን ቀይሩት። ከመሣሪያው መግቢያ አጠገብ የሚላጠው በመታጠፍ ስለሆነ ውስጡ ያለው መዳብም ተበጣጥሷል።

አዲስ ካርቦን በርዝመት፣ በስፋትና በውፍረት ይመሳሰል። ትንሽ የሚተልቅ ከሆነ መስታወት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አሳንሱት፤ ቤቱ ውስጥ በራሱ ክብደት የሚንሸራተት መሆን አለበት። ከገጠማችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ያለ ሥራ ይዙር፣ ካርቦኑ የኮሚውቴተሩን ቅርጽ እንዲይዝ።

ኩሽኔታ ስትቀይሩ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። 608 ማለት ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ 6201 ደግሞ 12፣ 32 እና 10 ነው። ቁጥራቸው አንድ ከሆኑት ውስጥ በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያለውን ምረጡ፣ ግራይንደር ውስጥ የብረት ዱቄት ይበዛልና። ስትገጥሙት ዘንግ ላይ ሲሆን የውስጠኛውን ቀለበት ብቻ ምቱ፤ ውጪውን ከመታችሁት ኳሶቹ ላይ ጠባሳ ጥሎ ገና በአዲስነቱ ይጮሃል።

የማርሽ ቤቱን አሮጌ ግሪስ ጠርጋችሁ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሙሉ። ከሞላ ይሞቃል፣ ወደ ሞተሩም ይፈሳል።

11. ርካሽ ዕቃ፦ እንጨትና ብረት

የፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) እንጨት። ማኅተሙን እዩ። «ኤች ቲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉት በሙቀት የታከመ ነው፦ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው፤ ውሰዱት። «ኤም ቢ» ካለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበትን፣ ማኅተም ያለውንም ቢሆን፣ ለምግብ ዕቃና ለልጅ አልጋ አታውሉት። ጣውላውን በማንሻ አትገንጥሉት፤ የፓሌት ምስማር ጠመዝማዛ ስለሆነ እንጨቱ ይሰነጠቃል። በጣውላውና በሞራሌው መካከል የሴጌቶ ምላጭ አስገብታችሁ ምስማሩን ቁረጡት። ከመላጋችሁ በፊት ማግኔት ሁሉም ቦታ ላይ አሳልፉ፤ አንድ ምስማር የሠዓታት ስለት ያበላሻል። የግንባታ ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) እንጨትም ርካሽ ነው፣ ሲሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ ካላወረዳችሁ ግን መላጊያውን ይጨርሰዋል።

አዲስ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ሞራሌ እርጥብ ነው፤ ቤት ሲገባ ይጣመማል። በየ 40 ሳንቲሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጮች መሐል አድርጋችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት፣ የሁለቱን ጫፎች ቀለም ቀቡ። እንጨት በጫፉ በኩል ቶሎ ስለሚደርቅ ሳይቀባ ይሰነጠቃል። አንዱን ቁራጭ በየሳምንቱ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ብረት። ቁርጥራጭ በኪሎ ሲሸጥ ሒሳቡን እወቁ፦ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ላሜራ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 40 በ 40፣ ውፍረቱ 1.5 የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 1.8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስድስት ሜትሩ 11 ኪሎ አካባቢ ነው። «1.5 ነው» የተባለው ከዚያ በጣም ከቀለለ ውፍረቱ ጎድሏል። ለመሮ፣ ለቢላና ለመቁረጫ የሚሆን ብረት ከፈለጋችሁ የመኪና ባሌስትራ ፈልጉ፤ ፌሮ ብዙ ጊዜ ቢነከርም አይጠነክርም። በግራይንደር ሲነካ ካርቦን የበዛበት ብረት ብዙ የሚፈነጠሩ ኮከቦች ይወጡታል፣ ለስላሳው ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ጥቂት ብልጭታ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤንዚን፣ ዘይት ወይም የማይታወቅ ነገር የነበረበትን በርሜል በቤት አትቁረጡ፣ አትበይዱ። ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮና ቱቦ ስትበይዱ የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ያመጣል፤ ዚንኩን ከብየዳው ቦታ አንሱ፣ ውጭ ሥሩ። የድሮ የቀለም ንብርብር ሊድ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍጉት፣ አርጥቡት።

በብዛት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ትልቅ ዲስክ ለመግጠም የግራይንደር ሽፋን ማውለቅ። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ባለ 230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚፈቀድለት ግን 6,650 ነው። ገጥሞ ማብራት ማለት ከሚችለው በላይ ማዞር ነው፣ ሽፋንም ስለሌለ ፍንጣሪው ፊትና አንገት ያገኛል።

በመቁረጫ ዲስክ በጎኑ መሳል። ቀጭኑ ዲስክ የተሠራው በጠርዙ እንዲቆርጥ ብቻ ነው፤ ጎኑ ሲጫን ይሰነጠቃል።

በጓንት ድሪል መጠቀም። የሚሽከረከረው ፑንታ ጓንቱን ይይዝና እጅን ይስባል። ጓንት ለተቆረጠ ላሜራና ለዝገት ነው።

ብረት ያለ ዘይትና በከፍተኛ ፍጥነት መብሳት። ፑንታው ጫፉ ይቃጠላል፣ ሰውም «ርካሽ ፑንታ ነው» ይላል። ለ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ በመጀመሪያ በ 4 ብሱ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ በየጊዜው ዘይት ጠብ አድርጉ።

ቀጭን ማራዘሚያ። 20 ሜትር ቀጭን ገመድ ላይ የተሰካ ግራይንደር ቮልት ስለሚያጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሰውም የበለጠ ይጫነዋል፣ ሞተሩም ይሞቃል። ለ 1000 ዋት መሣሪያ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ተጠቀሙ፣ ተጠቅልሎ ሳለም አታብሩበት፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ማውጣት አይችልም።

በክረምት መሣሪያን ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ። ወለሉ እርጥበት ያወጣል፣ የታደሰውም በሁለት ሳምንት ይዝጋል። ከወለል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ቆዳና ጥጥ ግን እርጥብ ከሆኑ ራሳቸው ዝገት ስለሚያመጡ ጨርቁ ደረቅ መሆኑን አረጋግጣችሁ ዘይቱን ጨምሩበት።